ሁለት ፍላየር፣ አንድ በርበሬ
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባልትና አዘጋጃለሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ። ስለ ዲዛይን የማውቀው ነገር ቢኖር ገንዘብ እንደሚበላ ብቻ ነበር።

ከዚህ በፊት ሌላ ዲዛይን ቤት ማስታወቂያ አሠርቼ አውቃለሁ፤ ስሙን ልተወው። አዲስ ባነር ሠሩልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቱ ደውሎ "ሽያጭሽ ጨመረ አይደል?" አለኝ። እውነትም ሰው ሽሮውን እየተሻማ ነበር። ደስ ብሎኝ ቀሪውን ክፍያ ላክሁለት። በኋላ ሳስበው ለካ ሁዳዴ ገብቷል! በጾም ሽሮ የማይሸጥለት ማን አለ? ባነሩን ገልብጬ ብሰቅለውም ይሸጥ ነበር።

ስለዚህ አደባባዩ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ዲዛይን ቤት የገባሁት ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው። ልጁ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። "አንድ ብቻ አልሠራም እትዬ፣ ሁለት ነው የምሠራው። እንቆጥርና ያሸነፈውን በብዛት ያሳትማሉ" አለኝ። እጥፍ ሊያስከፍለኝ መስሎኝ ቦርሳዬን ያዝ አደረግሁ። አላስከፈለኝም። ለሁለቱም የከፈልኩት ለዚያ ባነር ካወጣሁት ያንሳል፤ ህትመቱ ለብቻው ነው።

አንደኛው ፍላየር እኔ ያዘዝኩት ነው። መሶብ አለው፣ ጀበና አለው፣ አደይ አበባ አለው፣ ጽሑፉ ወርቅማ ነው። ሁለተኛው የሱ ነው፤ ነጭ ወረቀት ላይ የኪሎው ዋጋ በትልቁ፣ ከሥሩ "የማረቆ ዛላ፣ ቤት ድረስ እናመጣለን"፣ ከዚያ ስልክ። አለቀ። የቀብር ማስታወቂያ ይመስላል አልኩት። ሳቀ። ሁለቱም ላይ "ይህን ወረቀት ይዞ ለመጣ ከኪሎ 20 ብር ቅናሽ" የሚል አለ፤ ጥግ ላይ የኔው "ሀ"፣ የሱ "ለ" የምትል ትንሽ ፊደል ተጽፋለች። ቅናሹ ሰው ወረቀቱን እንዳይጥለው ነው። ወረቀቱ ሲመለስ ፊደሏን አይቼ እቆጥራለሁ።

ከየዓይነቱ 300 አሳተምን። የኔን እሁድ ኮዬ ፈጬ ገበያ በተንኩት፣ የሱን ሰኞ ጠዋት ታክሲ መያዣው ላይ። የኔ 17 ለ 8 አሸነፈ። እየተንጎራደድኩ ሄጄ ነገርኩት። ልጁ መጀመሪያ የጠየቀኝ የት የት እንደበተንኩ ነው። ስነግረው ቁጥሩን ሰረዘው። "እሁድ ዘንቢል ይዞ የወጣና ጠዋት ለታክሲ የሚጋፋ ሰው እኩል ያነባል? ይሄ የቦታ ውድድር እንጂ የፍላየር አይደለም።" ተናደድኩ። ግን የሁዳዴውን ሽሮ አስታወሰኝና አፌን ያዝኩ።

ደግመን 300፣ 300። አሁን እንደ ካርታ ቀላቅለን፣ አንድ ሀ፣ አንድ ለ እያልን፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት በተንን። የኔ 9፣ የሱ 26።

"የኔ ግን ያምራል" ብዬ ተከራከርኩ። ያኔ የኦባማን ነገር አነሳ። እ.ኤ.አ. ለ2008ቱ ምርጫ የቅስቀሳ ቡድኑ ድረ ገጹ ላይ 4 ዓይነት የሚጫኑት ቁልፍ (በተን) እና 6 ዓይነት ፎቶና ቪዲዮ አዘጋጅቶ 24 ጥምር ሞክሯል። ሠራተኞቹ የወደዱት ቪዲዮ ነበር። ያሸነፈው ግን የቤተሰቡ ፎቶ "የበለጠ ይወቁ" ከሚለው በተን ጋር ነው፤ የሚመዘገበው ሰው በ40.6 በመቶ ጨመረ። "እነሱም እንደ እርስዎ የወደዱትን ሊያወጡ ነበር" አለኝ። ከኦባማ ሰዎች ጋር መሳሳት ትንሽ ያጽናናል።

ቀጥሎ ፎቶ ሞከርን። አንዱ ላይ ማንኪያ ሙሉ በርበሬ፣ ሌላው ላይ ዛላ የሚቀነጥስ የኔ እጅ። 14 ለ 17። እጄ አሸነፈ ብዬ ጮህኩ። ልጁ ግን "ሦስት ሰው ነው እትዬ። ነገ ብንደግመው ሊገለበጥ ይችላል። የወደዱትን ያሳትሙ፣ ለዚህኛው ዙር አላስከፍልም" አለኝ። ለጎረቤቶቼ ሁሉ የማወራለት በዚህ ነው። ያኛው ቤት ቢሆን ሦስቷን ሰው ይዞ ይደውልልኝ ነበር።

ቅር ያለኝም አለ። ማክሰኞ ያለኝን ቅዳሜ ነው የሰጠኝ። መብራት ጠፋ አለ፤ የኛ ቤት ግን አልጠፋም። የመጀመሪያው ህትመት ላይ በርበሬዬ የሸክላ ቀለም ይዞ ወጣ፤ እስኪያስተካክለው ሁለቴ ተመላልሻለሁ። ወንበር አንድ ብቻ ስለሆነ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። "ዳታ" የምትለው ቃልም አፉ ላይ ትበዛለች።

ቴሌግራም ላይም ሊያግዘኝ ጀምሯል። ቻናሌ ላይ ከየፖስቱ ሥር ስንት ሰው እንዳየው ይታያል፤ እኔ እሱን እያየሁ እደሰት ነበር። እሱ ያየና የገዛ ለየቅል ነው ይላል። አሁን ትዕዛዝ ሲመጣ "የትኛውን ፎቶ አይተው ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ጠዋት የሠርግ ጥሪ ካርድ በሚያሠሩ ሰዎች ይጨናነቃል። የተረፈውን ወርቅማ ፍላየር ልጆቼ ጀርባው ላይ ሒሳብ ይሠሩበታል። እናቴ ግን አንዱን ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች። "ያኛው ይሻል ነበር" ትላለች እስካሁን።