«ሁለት ሽቦ ብቻ ነው» የተባልኩት ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን፦ ፔጆ 404 ላይ ከ10 ወር በኋላ

ታኅሣሥ 18 ቀን 2017፣ በቁልቢ ገብርኤል ዋዜማ፣ የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ፔጆዬ ጠፋች። እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ለስለቷ የገዛችውን ጃንጥላ ታቅፋ ተቀምጣለች። አጎቴ ከጎኔ ነው። ከኋላችን አይሱዙውም ሚኒባሱም በሰው ጢም ብሎ ጥሩንባ ይነፋል። እጄን በመስኮት አውጥቼ እለፉ እያልኩ ወደ ዳር አስጠጋኋት። አጎቴ መጀመሪያ የተናገረው ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው፦ «ያንን ፕላስቲክ ከገጠምክ ወዲህ ይቺ መኪና መኪና አይደለችም!»

ፕላስቲክ ያለው ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽኑን ነው፣ ሞተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት በጊዜው የሚያስነሳውን ዕቃ። ግንቦት 2016 ላይ ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ ያንን እሳት የሚያስነሳውን የድሮ ማብሪያ) ከነኮንደንሰሩ አውጥቼ በእጄ፣ እቤቴ ግቢ ውስጥ የገጠምኩት ነው። አሁን መጋቢት ገብቷል፣ 10 ወር ሞላው ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ በየሄደበት «አያዋጣም» እያለ ያወራል፣ ሰዉም እየመጣ ይጠይቀኛል። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

ለድሬና ለሐረር ልጅ 404 ምን እንደሆነች ማስረዳት አያስፈልግም። ባቡር ያቆረቆራት ከተማ ስለሆነች የፈረንሳይ ዕቃ ለድሬ ባዳ ሆኖ አያውቅም። የእኔዋ አባቴ በሐረር መስመር ሠርቶ እኛን ያሳደገባት ናት። ፈረንሳይ በእነሱ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1975 ሠርታታለች። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ፣ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። «ሽጣትና ቪትዝ ግዛ» ለሚለኝ ሁሉ መልሴ ይኸው ነው።

ያስቸገረኝ ፑንቲናው ነበር። ሁለቱ ፊቶቹ ሲለያዩ ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ካሙን (በመሃል እየዞረ የሚከፍተውን ዘንግ) የሚነካው ጫፍ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ እሳቱ ይዘገያል፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል። የሚነካካው ፊት ደግሞ ይቃጠልና አንዱ ላይ ጉድጓድ፣ ሌላው ላይ ጉብታ ያወጣል። በድሬ አቧራና ሙቀት በየሁለት ወሩ የዲስትሪቢዩተሩን (ፑንቲናው ያለበትን፣ እሳቱን የሚያከፋፍለውን ዕቃ) ክዳን ከፍቼ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቀው፣ እንደገና ስለካው ኖሬአለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር። አዲስ የሚሸጠው ፑንቲና ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም፣ ብረቱ ሳስቷል።

ኤሌክትሮኒኩ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የክብሪት ቀፎ ግማሽ የምታክል ጥቁር ዕቃ ፑንቲናው በነበረበት ቦታ ትታሰራለች። አራት ማግኔት ያለው ቀለበት ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ከሚዞረው ሮተር ሥር ይገባል። ማግኔቱ በፊቷ ሲያልፍ ወደ ኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ከፍ ወደሚያደርገው) የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ትቆርጣለች፣ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚረጨው ካንዴላ እሳት ያገኛል። የሚነካካ ነገር ስለሌለ የሚበላም የለም። ሻጩ በስልክ ያለኝ እንዲህ ነው፦ «ወንድሜ፣ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ቀዩን ኮይሉ ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ። ሕፃን ልጅ ይገጥመዋል።»

እኔ ግን እንደ ሕፃን አልገጠምኩትም። የኮይሉን መቋቋም በቴስተር ለካሁ፣ 3.2 ኦም አነበበልኝ። ከ3 በታች ቢሆን ዕቃው እየጋለ ይቃጠል ነበር። የነበረኝ የካንዴላ ገመድ ውስጡ ድፍን መዳብ ስለነበር በካርቦኑ ቀየርኩት፣ መዳቡ ኤሌክትሮኒክስ ይረብሻል። ሞተር ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቶ መተው እንደሚያቃጥለውም አውቅ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። መጀመሪያ ዙር ላይ ተነሳች።

ከዚያ በኋላ ስላለው ሰባት ወር የምለው ብዙ የለኝም። ሚኒሞዋ (ቤንዚን ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ ያላት ዙር) አይዋዥቅም፣ ጠዋት አታስቸግርም፣ ኮፈኑን የምከፍተው ዘይትና ውሃ ለማየት ብቻ ሆነ። የረሳኋት ያህል ነው።

አሁን ወደ ደንገጎ ልመለስ። ቁልፉን ስጠመዝዝ ወዲያው ተነሳች። ሚኒሞ ላይ እንደ ሰዓት ትሠራለች። ማርሽ አስገብቼ ቤንዚን ስሰጣት ሃምሳ ሜትር ሄዳ ቀጥ። አሁንም ቁልፍ፣ አሁንም ተነሳች። ቤንዚን ስሰጣት ቀጥ። አጎቴ «ቤንዚን አልደረሳትም» አለ። የካርቡራቶሩን ቱቦ ነቅዬ አየሁት፣ ቤንዚኑ እንደ ልብ ይመጣል። «እንግዲያው ያ ፕላስቲክ ነው፣ አውልቀው» አለ። ድሬ ላይ ታላቅም ታናሽም አንተ ነውና «አቦ፣ አንዴ ተወኝ፣ ላስብበት» አልኩት። እናቴ «ገብርኤል ያውቃል፣ ልጁን አታስጨንቀው» አለችው።

ያሰብኩት ይህን ነበር። ዕቃው ተቃጥሎ ቢሆን ጭራሽ አትነሳም። ግሎ የሚጠፋ ቢሆን ደግሞ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነበረብኝ፣ እሷ ግን ወዲያው ነው የምትነሳው። ስለዚህ ቤንዚን ስሰጥ ብቻ የሚለወጥ ነገር አለ። ቤንዚን ስሰጥ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰው ነገር ደግሞ አንድ ነው፦ ከካርቡራቶሩ በቀጭን ቱቦ የሚመጣው ቫኩም (የሞተሩ የመሳብ ኃይል) እዚያ ውስጥ ያለችውን ሳህን ይስባታል፣ እሳቱ እንዲቀድም። ዕቃውም የታሰረው እዚያች ሳህን ላይ ነው።

ክዳኑን ከፈትኩ። ከመሣሪያ ሳጥኔ ሁለት ሽቦ ያላት አምፖል አወጣሁ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሳህኗ ላይ አስነካሁ። አምፖሏ ቦግ አለች። ከዚያ የቫኩሙን ቱቦ ከካርቡራቶሩ በኩል ነቅዬ በአፌ ሳብኩት። ሳህኗ ቀጭ ብላ ዞረች፣ አምፖሏም ክር እስኪመስል ደበዘዘች። አየሩን ስለቀው ቦግ። ስስበው ድብዝዝ። አጎቴን ጠርቼ አሳየሁት። ሦስቴ ደጋግሜ ሳብኩለት፣ ምንም አልተናገረም።

የተበላሸችው ማሳዋ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስባት መስመር ነበረች። ሳህኗን ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የምታገናኝ፣ ከጥቃቅን የመዳብ ክር የተጎነጎነች አጭር ሽቦ አለች። ከክብሪት እንጨት አትረዝምም። ስንትና ስንት ዓመት ከሳህኗ ጋር ወዲያና ወዲህ ስትታጠፍ ኖራ ክሮቿ አንድ በአንድ ተበጥሰዋል። ሳህኗ በቦታዋ ስትሆን የተበጠሰው ጫፍ ይነካካል፣ ስትዞር ይለያያል። ፑንቲና እንዲህ ባለ ደካማ ማሳ ላይ እያነከሰም ቢሆን ይሄዳል። ኤሌክትሮኒኩ ግን የሚፈልገውን ቮልት ካላገኘ ይዘጋል።

መፍትሔው እዚያው ነበር። ቱቦውን ሳልመልስ የካርቡራቶሩን ቀዳዳ በቡሎን ደፈንኩና ክዳኑን ገጠምኩ። ቫኩም ከሌለ ሳህኗ አትዞርም፣ ካልዞረች ማሳው አይቋረጥም። ትንሽ ተጨማሪ ቤንዚን ትበላለች እንጂ ምንም አትሆንም። ደንገጎን ወጣን፣ በቀኝ ታጥፈን ቁልቢ በሰዓቱ ደረስን። እናቴ ስለቷን አገባች። በዚያው ሁኔታ ድሬ ድረስ ተመለስን።

ቤት ስደርስ ያደረግኩት ቀላል ነው። ዲስትሪቢዩተሩን አወጣሁ፣ ሽቦዋን በለስላሳና ብዙ ክር ባለው ሽቦ ተክቼ በስታኞ (ቀልጦ ሽቦ በሚያያይዘው ብረት) በየድኳት። ደረቅ ሽቦ እንዳትጠቀሙ፣ በወር ውስጥ ይበጠሳል። ለሳህኗ መዞሪያ የሚሆን ትርፍ ርዝመት ተዉላት። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ሳህኗ ላይ ባሰርኩት ሽቦ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጌ ለካሁ። 0.6 ቮልት ይጠፋል! ማለቂያ የሌለው ነገር መሰለኝ። ከሞተሩ ወደ አካሏ፣ ከአካሏ ወደ ባትሪው የሚሄዱትን ማሳዎች ፈታሁ፣ ከሥራቸው ቀለምና ዝገት ነው ያገኘሁት። ፍቄ አጥብቄ ስለካ 0.05 ሆነ።

አሁን አንተ ሻጩ፣ ስማኝ። ዕቃህ ጥሩ ነው፣ አልካድኩም። ግን «ሁለት ሽቦ ብቻ» አላልክም? ሦስተኛው ሽቦ ሳህኗ ናት! ዕቃው ማሳውን የሚያገኘው በታሰረበት ብረት ነው፣ ይህን ታውቃለህ። የምትሸጠው ሃምሳና ስልሳ ዓመት ለሆናት መኪና እንደሆነም ታውቃለህ። «ከመግጠምህ በፊት ማሳህን ለካ» የሚል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትጨምር ምን ይጎድልብህ ነበር? እናቴ ዳገት ላይ ፀሐይ ሲመታት አታያትም። ደውዬ ስነግረው «ሌላ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አለኝ። ሌላው ሰው አውልቆ ጥሎት ወደ ፑንቲና ተመልሷል እንጂ ማን ደውሎ ይነግርሃል?

የሙቀት ሴንሰሩም ታሪክ ከዚሁ አይርቅም። ከኢግኒሽኑ ጋር አዲስ ሴንሰርና ጌጅ ገጥሜ ነበር፣ ውሃ እንዳያፈስ ብዬ ጥርሱን በነጭ ቴፕ ጠቀለልኩት። ወራት ሙሉ ጌጁ ዝቅ ብሎ ሲያነብ «ድሬ ላይ እንኳ አትሞቅም» እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳውን የሚያገኘው በጥርሱ እንደሆነ የገባኝ ከደንገጎ በኋላ ነው። ቴፑን ላጥኩት፣ በመዳብ ቀለበት ብቻ አጠበቅኩት። መርፌው ወዲያው ወደ ላይ ከፍ አለ። ራዲያተሩ ግማሹ ተደፍኖ ነበርና አሳጠብኩት። ያ ቴፕ ሞተር ሊያስበላኝ ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ደግሜ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ ነገውኑ። ጥገናው ካለቀ ወዲህ ሐረር አምስት ጊዜ ወጥቼ ወርጃለሁ፣ አንዴ እንኳ አላነቀችም። ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን ግን ከነብሎናቸው በጨርቅ ጠቅልዬ የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ይዣለሁ። መንገድ ላይ ዕቃው ቢቃጠል የሚተካው የትም አይገኝም፣ ፑንቲና ግን በግማሽ ሰዓት እመልሳለሁ። ማሳውን ለመለካት ቴስተር የሌለው፣ ክዳን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ አይግዛው፣ ወይም ከሚያውቅ ሰው ጋር ይግጠም።

አጎቴ ባለፈው እሑድ ቡና ሊጠጣ መጣና የራሱን ዲስትሪቢዩተር በፌስታል ጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። «ፕላስቲኩን አይደለም» አለኝ፣ «ያቺን ሽቦ ብቻ እይልኝ።» ከፈትኩት፣ የእሱም ግማሿ ተበጥሳለች። ስታኞው እስኪቀልጥ አጠገቤ ቆሞ መብራት ያዘልኝ።