የእማዬን መጽሐፍ ቅዱስ ያስጠረዝኩበት ቤት

አራት ኪሎ፣ ደረጃ ስር የተሸጎጠች ጥረዛ ቤት ናት። የእማዬን የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ሄድኩ፤ ጀርባው ተገንጥሎ ዘፍጥረት ብቻውን እየወደቀ ነበር።

ስፌቱ አንደኛ ነው። በእጅ ነው የሰፉት፣ ሲከፈት ጠረጴዛ ላይ ዝርግ ብሎ ይተኛል። ቀጠሮ ግን አያውቁም። በ3 ቀን ያሉኝ በ11 ቀን አለቀ፣ ስደውል "ነገ" ብቻ።

የፈራሁት ጠርዙን ሲከረክሙ የእማዬን ጽሑፍ እንዳይቆርጡት ነበር። አልነኩትም! 1ኛ ሳሙኤል 7 ላይ፣ ሳሙኤል ድንጋይ አቁሞ አቤንኤዘር ብሎ የጠራበት፣ "እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል" ያለበት ቦታ፣ በእርሳስ "ግንቦት 20 ቀን 1983፣ ሁላችንም በሰላም ቤት ገባን" ይላል። ከስሩ የወንድሜ ትኩሳት፣ የቤት ኪራይ፣ የኔ ማትሪክ። ሥራ ካጣሁ 5 ወር ሆነኝ፣ እውነት ለመናገር ጸሎትም ዳገት ሆኖብኝ ነበር፤ እዛው ባንኮኒው ጋ ቆሜ ሳነበው ግን እሷም ያኔ መጨረሻውን ሳታውቅ ጌታን እንዳመነች ገባኝ። ጠራዡ አባት ዝም ብለው ጠበቁኝ።

ከኋላ ባዶ ገጽ ጨምሩልኝ ብትሏቸው በነጻ ይጨምራሉ። እኔ 4 አስጨመርኩ፤ እስካሁን አንድ መስመር ጽፌበታለሁ።