የእሁድ የ8 ሰዓቱ ፊልም

ባለፈው እሁድ ያየሁትን የአማርኛ ፊልም ግማሹን የሰማሁት ከኋላዬ ከተቀመጠች ልጅ አፍ ነው። ልጅቷ እናቷን ይዛ መጥታለች። እናትየው ነጠላቸውን የተከናነቡ ትልቅ ሰው ናቸው። ተዋናይዋ አፏን በከፈተች ቁጥር «ምን አለች?» ይላሉ። ልጅቷ ጆሯቸው ስር ገብታ ትነግራቸዋለች። «አልሄድም አለች።» «እሱስ?» «ብሩን መልሺ ነው የሚላት።» መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ዞር ልል ነበር። ከአስር ደቂቃ በኋላ ግን እኔም ጆሮዬን ወደ ኋላ ጥዬ አዳምጣለሁ። ከስፒከሩ ጥርት ብሎ የሚወጣው ሙዚቃው ብቻ ነበር።

እሁድ እሁድ ከጓደኛዬ ጋር ፊልም ማየት ከጀመርን 16 ዓመት ሆነን። ምሳ ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ለ8 ሰዓቱ እንደርሳለን። የ10 ሰዓቱ ሰው ይበዛበታል። ከ12 ሰዓቱ ስንወጣ ደግሞ ይመሻል፣ ታክሲ ያስቸግራል። በነዚህ ዓመታት ብዙ ሰልፍ ተሰልፈናል። ሰልፉ አስፋልት ዳር ድረስ ወጥቶ፣ ሱቅ በደረቴዎቹ ማስቲካና ሶፍት ይዘው በመሃል ሲመላለሱ፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ትኬት አልቆ የተመለስንበት ቀን አለ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና አዳራሾቹ ተዘጉ። ሲከፈቱ ያ ሰልፍ እንደ ድሮው አልተመለሰም። አሁን ብዙ ሰው ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ እስኪወጣ ይጠብቃል። አልፈርድበትም። ትኬቱ፣ ታክሲው፣ ፈንዲሻው ሲደመር ቀላል ወጪ አይደለም። ያን ሁሉ አውጥቶ የመጣ ሰው ቢያንስ የተዋናዮቹን ንግግር መስማት አለበት።

የአዳራሹን ስም አልጽፍም። ይህ ጉድለት ሌላም ቦታ ገጥሞኛል፣ አንዱን ብቻ ነጥሎ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። ደግሞ ብዙ ነገሩ ጥሩ ነው። ትኬት የምትሸጠው ልጅ «ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ ላድርግላችሁ? መሀሉ ክፍት ነው» ብላ ራሷ መረጠችልን። ፈንዲሻው ትኩስ ነው፣ ጨውም አልበዛበትም። መጸዳጃ ቤቱ ውሃ አለው። ወንበሮቹ አርጅተዋል፤ የእኔ የቀኝ መደገፊያ ላላ ብሏል፣ ግን አይወጋም። ባትሪ ይዞ ቦታ የሚያሳየው ልጅ ሰው ሲያሳልፍ መብራቱን ወደ መሬት ያደርጋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ፊልም መሃል ባትሪ ዓይኑ ላይ የበራበት ሰው ግን ዋጋዋን ያውቃል።

ምስሉም ደህና ነው። የሌሊት ትዕይንት ላይ ፊት ይለያል። አንዳንድ ቦታ የፕሮጀክተሩ አምፖል አርጅቶ ሳይቀየር ይቆይና ሌሊቱ ሁሉ ጭቃ ይመስላል፤ ማን ማንን እንደመታ ሳይታወቅ ፊልሙ ያልቃል። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ከመውጫው በር በኩል ብቻ በመጋረጃው ስንጥቅ የቀን ብርሃን እየገባ የስክሪኑን ጥግ ያነጣዋል። በ8 ሰዓቱ ነው ይሄ የሚታየው፣ ማታ አይኖርም። አንድ ሜትር ጥቁር ጨርቅ ቢጨመር ይበቃዋል።

ወደ ድምፁ ልመለስ። ሰፈራችን ድምፅ የሚያቀናብር ልጅ አለ። ማታ ሱቅ በር ላይ አግኝቼ የሆነውን ነገርኩት። «ስክሪኑን ጠጋ ብለሽ አይተሽዋል?» አለኝ። አይቼዋለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ሰው እስኪወጣ ስጠብቅ እስከ ፊት ሄጄ ነበር። «ቀዳዳ አለው?» የለውም፤ ድፍን ነው። እንደ ነገረኝ ከሆነ የሲኒማ ስክሪን በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፣ ከሩቅ አይታዩም። ከስክሪኑ ጀርባ መሃል ላይ አንድ ስፒከር ይቆማል። የተዋናዮቹ ንግግር በአብዛኛው ከዚያ ነው የሚወጣው፣ በቀዳዳዎቹ አልፎ፣ ልክ ከአፋቸው እንደወጣ ሆኖ። ሙዚቃው፣ ዝናቡ፣ የመኪናው ድምፅ ከግራና ከቀኝ ይመጣል። የመሃሉ ስፒከር ከሌለ ወይም ከተበላሸ ንግግሩ ከሙዚቃው ጋር ይደባለቅና ይሰምጣል። እኔ ባየሁት አዳራሽ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ከፍ ብለው ተሰቅለዋል። መሃል ላይ ምንም የለም። ባለሙያ መጥቶ ይመርምረው እንጂ እኔ የታየኝ ይሄ ነው።

ጥፋቱ ግን ሁሉ የአዳራሹ አይደለም አለኝ። ፊልሙ ራሱ ጠባብ ክፍል ውስጥ በኤርፎን እየተሰማ ከተቀናበረ፣ አዘጋጁ ንግግሩን በቃሉ ስለሚያውቀው ሙዚቃውን ከፍ ሲያደርግበት አይታወቀውም። ንግግሩን እየሰማው ሳይሆን እያስታወሰው ነው። ይህች ነገር አእምሮዬ ውስጥ ቀረች። ከብዙ የአማርኛ ፊልም ጋር ያጣላኝ ነገር ምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። አልቅሱ የተባልንበት ቦታ ሁሉ ክራሩና ኪቦርዱ እየጮሀ ሰውየው ምን ብሎ እንዳስለቀሳት አናውቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ማሳየት ሲጀመር ሕዝቡ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። የሚንቀሳቀስ ጥላ ግድግዳ ላይ ሲያይ ሌላ ስም አልመጣለትም። ያኔ ፊልሙ ድምፅ አልነበረውም። አባቴ የዚህን ታሪክ ሲነግረኝ ሁልጊዜ ወደ ፒያሳ ይወስደዋል፤ ጣሊያን ወደ ሠራው ወደ ሲኒማ ኢትዮጵያ። ልጅ ሆኖ የህንድ ፊልም ያየው እዚያ ነው። ቋንቋውን አንድም ሰው ሳያውቀው አዳራሹ ሙሉ ሕዝብ አብሮ ያለቅስ ነበር ይላል። እኔን ግን ፊልም ያስለመደኝ የሰፈር ቪዲዮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ብር። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተደግፎ የፊልሙ ስም በጠመኔ ይጻፍበታል። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ሁሉንም ነገር ይውጠዋል። ያኔ ፊት የተቀመጠ አንድ ትልቅ ልጅ ተነስቶ ይተርክልን ነበር። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ ስታንሾካሹክ እሱ ነው ትዝ ያለኝ።

ከአባቴ ጋር አዳራሽ ገብተን ያየነው አንድ ፊልም ነው፤ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»። ፊልሙ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ልዩ የዳኞች ሽልማት አግኝቶ፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ በአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ትልቁን ሽልማት ወስዶ ነበር። አባቴ በሽልማቱ አልነበረም የመጣው። ፊልሙ የደርግን ዘመን ያነሳል፤ እሱ ደግሞ ደርግን በወጣትነቱ ያሳለፈ ሰው ነው። ፊልሙ ሲያልቅ መብራት በራ፣ ሰው ተነሳ፣ እሱ ከወንበሩ አልተነሳም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠርዙን በጣቱ ያዞራል። መጥረጊያ ይዛ የገባችው ሴት አየችውና የእኛን ረድፍ ትታ ሌላውን መጥረግ ጀመረች። ታክሲ ውስጥ ስለ ፊልሙ አንዲት ቃል አልተናገረም። ከሦስት ቀን በኋላ ቡና ላይ ሳንጠይቀው የአንድ የክፍል ጓደኛውን ስም አነሳ። ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም። ሲኒማ ቤት እንዳይጠፋ የምፈልገው ለዚህ ነው። ስልክ ላይ ቢያየው ኖሮ መሃል ላይ ያቋርጠው ነበር።

ቦሌ ላይ የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ዓለም ሲኒማ፣ መድኃኔዓለም ጋ ኤድና ሞል ውስጥ ማቲ ሲከፈቱ እኔና ጓደኛዬ ተደስተን ነበር። ማቲ ላይ አዲስ የሆሊውድ ፊልም አየን፤ ዓለም ላይ የአማርኛ ፊልም ለማየት ሁለት ሰዓት ተሰልፈናል። ስለነሱ ብዙ መጻፍ ይቻላል፣ የዛሬው ጉዳዬ ግን አይደለም።

ስለ ሂስ ግን ሳልናገር አላልፍም። ፊልም ልታይ ስትል የምትጠይቀው ሰው አጣሁ የሚል ብዙ ሰው አውቃለሁ። «እንዴት ነው?» «አሪፍ ነው፣ እዪው።» በቃ። ለመጻሕፍት እነ አብደላ እዝራ ነበሩን። አንድ ግጥም ይዞ፣ ስንኙን ፈታትቶ፣ የት እንደሚያምርና የት እንደሚደክም የሚያሳይ ሃያሲ ነበረን። ለፊልማችን እንዲህ ያለ ሰው በብዛት አላየሁም። በምረቃው ምሽት ሁሉም ተጋብዞ፣ ቀይ ምንጣፍ ላይ ፎቶ ተነስቶ፣ ማይክ ሲቀርብለት «በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው» ይላል። ፖስተሩ ላይ ደግሞ ሁሉም ፊልም «ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ፊልም» ነው። የሠሩት ልጆች ስንት ዓመት የደከሙበትን ሥራ ሰው በቁም ነገር ተቀምጦ ቢያየውላቸው የሚጠቀሙ ይመስለኛል። እኔ የምፈልገው ሂስ ቀላል ነው። ታሪኩን አትጨርሱብኝ። ተዋናዩ የት ላይ እውነት እንደነበረ ንገሩኝ። ድምፁ ይሰማል አይሰማም በሉ።

ያለን ሂስ የሲኒማ ቤቱ መውጫ ደረጃ ላይ ነው። ፊልም አልቆ ሰው ደረጃ ሲወርድ የሚለውን የሰማ ሰው ብዙ ይማራል። ባለፈው እሁድ ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ ለአጠገባቸው ሰው «ፊልሙ ሰፈር የለውም» ሲሉ ሰማሁ። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። «ትልቅ ቪላ አለ፣ መኪና አለ፣ ካፌ አለ። ጎረቤት የለም። እድር የለም። ልጅቷ ስትታመም በሩን የሚያንኳኳ ሰው የለም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት አውቃለሁ?» አሉ። ጓደኛዬን አየኋት፣ አየችኝ። ፊልሙ ምን እንደጎደለው ከገባሁ ጀምሮ እየፈለግሁ ነበር፤ አገኙልኝ። እሷ ግን አልተስማማችም። ካፌ ተቀምጠን ማኪያቶዋ እስኪቀዘቅዝ ተከራከረችኝ። ብቸኝነቷን ሊያሳዩ ነው ጎረቤት ያላስገቡት አለች። አሁን ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን በር ማን እንደሚከፍተው አያውቅም፣ እኔ ራሴ አላውቅም አለች። እውነቷን ነው። ሁለቱንም ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ እስካሁን አልወሰንኩም።

ፊልሙ ግን የሚታይ ነው። ዋናዋ ተዋናይ ጎበዝ ናት። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ወንበር ፍለጋ ዞር ዞር ብላ፣ አጥታ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቀስ ብላ የምትንሸራተትበት ቦታ አለ። ሙዚቃ የለውም፣ ንግግርም የለውም። አዳራሹ ውስጥ ፈንዲሻ የሚቆረጥም ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ አዳራሽ ከገጠማችሁ ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ መሃል ላይ ተቀመጡ፣ ከፊት ከሆናችሁ የግድግዳው ስፒከር ራስ ላይ ይጮሀል። ሹራብ ያዙ፣ ይበርዳል።

እናትና ልጅን ደረጃው መጨረሻ ላይ ደረስኩባቸው። እናትየው የብረቱን መደገፊያ ይዘው አንድ አንድ እግር እያሉ ይወርዳሉ። ልጅቷ ከፊታቸው በጎን ቆማ ክንዳቸውን ይዛለች። ቦታ ለቅቄ ቆምኩ።

«እንዴት ነበር እማዬ?»

«ጥሩ ነው። ግን ልጅቷ ጨካኝ ናት» አሉ። «ያን ሁሉ ስትታመም፣ ምነው እናቷን አንዴ እንኳ አልጠራችም?»

«ጠርታለች እኮ እማዬ። መጨረሻ ላይ፣ አልጋው ላይ። ሙዚቃው ሲጮህ አልሰማሽም እንጂ።»

እናትየው ቆሙ። ወደ አዳራሹ በር ቀና ብለው አዩ።

እኔም አልሰማሁም ነበር።