ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ኮሚቴ፦ የፊፋን የሥነ ምግባር አገልግሎት እንደ ደንበኛ ሳየው

ሰው ስልክ ሲገዛ፣ ሆቴል ሲያድር አስተያየቱን ይጽፋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ፊፋ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። አንተን ምን አገባህ የሚል አይጠፋም። ያገባኛል። ፊፋ ከ2019 እስከ 2022 ከ7.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ትልቁ ድርሻ የቴሌቪዥን መብት ሽያጭ ነው። ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጥነው ደግሞ እኛ ነን። ቤቱን ይጠብቃል የተባለው ኮሚቴ ወጪው ዞሮ ዞሮ ከእኛ ነው ማለት ነው። ደንበኛ ነኝ፣ አስተያየት እሰጣለሁ።

ሙያዬ ኦዲት ነው። ኳስ ደግሞ ሱሴ። ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ዞር ብሎ የማያየውን ወረቀት ማንበብ ይመጣል፤ የኮሚቴውን ውሳኔዎች፣ የምርመራ ሪፖርቶቹን፣ ደንቡን እትም በእትም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀት ላይ ሲታይ አገልግሎቱ አሪፍ ነው። ኮሚቴው በ2006 ተቋቋመ። በ2012 ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ክፍል ይመረምራል፣ ሌላው ይፈርዳል። ምርመራውን የቀድሞው የኒውዮርክ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ማይክል ጋርሲያ፣ ፍርዱን የሙኒኩ ዳኛ ሃንስ ዮአኪም ኤከርት ያዙት። እኛ ኦዲተሮች እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል ስናይ ደስ ይለናል። ክፍያ ያዘጋጀ አያጸድቅም፣ ያጸደቀ ገንዘብ አይነካም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህ ኮሚቴ ማንም ሳይነግረው፣ ራሱ ቆፍሮ ያወጣው ትልቅ ጉድ የቱ ነው? ወይ ጋዜጠኛ፣ ወይ ፖሊስ፣ ወይ የተከፋ የውስጥ ሰው ቀድሞታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የተባለው ለእሱ ይመስለኛል።

ከአይ.ኤስ.ኤል ልጀምር፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ፋይል እሱ ነው። የአዲዳሱ ሰው ሆርስት ዳስለር ያቋቋመው ድርጅት ነበር። የዓለም ዋንጫን መብቶች ከፊፋ ይገዛል፣ መልሶ ይቸበችባል። በ2001 ከሰረ። መዝገቡ ሲገለጥ ጉዱ ወጣ። በ2012 ይፋ የሆነው የስዊስ ዐቃቤ ሕግ ሰነድ እንደሚለው፣ የብራዚል ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት የነበረው ሪካርዶ ቴሼራ ቢያንስ 12.7 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ወስዷል። የቀድሞ አማቱ ዣኦ ሃቬላንዥ ደግሞ ቢያንስ 1.5 ሚሊዮን። ሃቬላንዥ ማለት ከ1974 እስከ 1998 ፊፋን በፕሬዝዳንትነት የመራው ሰው ነው።

አሁን ይቺን ልብ በሉልኝ። በማርች 1997 ለሃቬላንዥ የታሰበው 1.5 ሚሊዮን ፍራንክ በስህተት በራሱ በፊፋ የባንክ ሂሳብ ገባ። ጉቦው አድራሻ ተሳስቶ መሥሪያ ቤቱ ድረስ መጣ! እኔ እንዲህ ያለ ገቢ የባንክ መግለጫ ላይ ባይ ምሳዬን ትቼ ነበር የምነሳው። ከማን ነው? ለምንድን ነው? የፕሬዝዳንቱ ስም እዚህ ምን ይሠራል? ያኔ ዋና ጸሐፊ የነበረው ሴፕ ብላተር ግን ገንዘቡ ወደ መጣበት እንዲመለስ አደረገ። በቃ። በቀጣዩ ዓመት ፕሬዝዳንት ሆኖ ተመረጠ።

ኮሚቴውስ ምን አለ? ኤከርት በ2013 ፋይሉን አየው። የብላተር አያያዝ ምናልባት ያልበሰለ ሊባል ይችላል፣ የሥነ ምግባር ጥፋት ግን አይደለም አለ። በጊዜው በስዊስ ሕግ እንዲህ ያለው የንግድ ጉቦ ወንጀል ስላልነበረ በዚያ በኩል ክርክር የለኝም። ሃቬላንዥም የክብር ፕሬዝዳንትነቱን ቀደም ብሎ ለቅቆ ነበርና ሌላ እርምጃ አያስፈልግም ተባለ። ፋይሉ ተዘጋ።

ለቅቀህ ሂድ፣ ፋይልህ ይዘጋል። ይህ የቤቱ ልማድ ነበር። በሜይ 2011 ፖርት ኦፍ ስፔን ውስጥ፣ አንድ ሆቴል ላይ ለካሪቢያን የእግር ኳስ ኃላፊዎች ፖስታ ታደለ። በየፖስታው 40,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ። ወቅቱ ኳታራዊው ሞሐመድ ቢን ሃማም ብላተርን ለመጣል ድምፅ የሚያሰባስብበት ነው። የባሃማሱ ተወካይ ገንዘቡን ፎቶ አንስቶ መለሰው። ወሬው ፊፋ ደረሰ። የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካን እንዲሁም የካሪቢያንን እግር ኳስ የሚመራው የኮንካካፍ ፕሬዝዳንት ጃክ ዋርነር ታገደ፤ ብዙ ሳይቆይ ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀ። ፊፋም ወዲያው በእሱ ላይ የተጀመሩት የሥነ ምግባር ሂደቶች በሙሉ ተዘግተዋል፣ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብቱም እንደተጠበቀ ነው ብሎ አሳወቀ። የዕድሜ ልክ እገዳ የመጣበት በ2015 ነው። ያኔ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ክስ መሥርቶበት ነበር።

የፖስታውን ጉዳይ ለፊፋ የጠቆመው ማን ይመስላችኋል? ቸክ ብሌዘር። የኮንካካፍ ዋና ጸሐፊ፣ የዋርነር የቀኝ እጅ። ከየውሉ በሚቆርጠው ኮሚሽን ሚስተር 10 ፐርሰንት የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ሰው። ትራምፕ ታወር ላይ ለድመቶቹ ብቻ አፓርታማ ነበረው ተብሎ ተጽፏል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ሰውዬው ጥሩ አድርጎ ያውቀዋል። ጠላፊው ጠላፊን ጠቆመ እንበል። ብሌዘርን ራሱን የያዘው ግን የሥነ ምግባር ኮሚቴው አይደለም። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ነው፣ ከኤፍቢአይ ጋር። ለዓመታት ግብር አላሳወቀም ነበር። በ2012ቱ የለንደን ኦሎምፒክ ሰሞን መቅጃ የተደበቀበት የቁልፍ መያዣ ይዞ ወዳጆቹን ሲቀዳ እንደነበር በኋላ ተዘገበ። በ2013 ጥፋቱን አመነ። ኮሚቴው ዕድሜ ልኩን ያገደው በ2015።

ሜይ 27 ቀን 2015ን ኳስ የሚወድ ሁሉ ያስታውሳል። የስዊስ ፖሊስ ሳይነጋ ዙሪክ የሚገኘው ባውር ኦ ላክ ሆቴል ገብቶ ሰባት ኃላፊዎችን ያዘ። የሆቴሉ ሠራተኞች ካሜራ እንዳያያቸው አንሶላ ወጥረው ነበር ያስወጧቸው። አሜሪካኖቹ 14 ሰዎችን ከሰሱ፤ በ24 ዓመት ውስጥ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉቦና ኮሚሽን ተከፍሏል አሉ። 24 ዓመት! ኮሚቴው ከዚያ ውስጥ ዘጠኙን ዓመት በሥራ ላይ ነበር።

ያም ሆኖ በሁለተኛው ቀን ብላተር እንደገና ተመረጠ። ምክንያቱ ከባድ ሚስጥር አይደለም። ትንሽ ደሴትም ሆነ ብራዚል ድምፁ አንድ ነው። የልማት ገንዘቡን የሚያከፋፍለው ደግሞ ዙሪክ ያለው የፊፋ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ለሚያውቅ ፖስታም ላያስፈልገው ይችላል። ከአራት ቀን በኋላ ግን ብላተር እለቃለሁ አለ።

የብላተርና የፕላቲኒ ነገር ብዙ ስለተወራ በአጭሩ ላልፈው ነበር። የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ አልቻልኩም። በ2011 ፊፋ ያኔ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዝዳንት ለነበረው ለሚሼል ፕላቲኒ 2 ሚሊዮን ፍራንክ ከፈለ። ለምን? እስከ 2002 ድረስ ላማከረበት ውዝፍ ነው ተባለ። የጽሑፍ ውሉ በዓመት 300,000 ፍራንክ ይላል። ቀሪው የቃል ስምምነት ነበር አሉ። ፋይናንስ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ፀጉሩ ነው የሚቆመው። ኮሚቴው ሁለቱንም በ2015 ስምንት ስምንት ዓመት አገደ፤ በይግባኝ ቀነሰ። የስዊስ ፍርድ ቤት በ2022ም፣ በይግባኝ በ2025ም ሁለቱን ነፃ ብሏቸዋል። ወንጀል አይደለም ከተባለ አይደለም። የክፍያ ሥርዓት ነበር ወይ ብትሉኝ ግን አልነበረም።

ሲሠራ ያየሁትንም ልናገር። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ጊዜ የብራዚል ፌዴሬሽን ለኃላፊዎች 65 የስጦታ ቦርሳ አዘጋጀ፤ በየቦርሳው አንድ የፓርሚጃኒ ሰዓት። ኮሚቴው ሰዓቱን አስገመተ፣ የአንዱ ዋጋ 25,000 ፍራንክ ሆኖ ተገኘ። ቀን ቆርጦ ሁሉም ይመለስ አለ። ከተቀባዮቹ ቀድመው ያሳወቁ ስለነበሩ እዚህም ጥቆማ አለ፤ ቢሆንም እርምጃው ፈጣን፣ ዋጋው የታወቀ፣ ትእዛዙ ግልጽ ነበር። ሥራው ሁሉ እንደ ሰዓቱ ቢሆን አምስት ኮከብ ነበር የምሰጠው።

ለእኔ የአገልግሎቱ እውነተኛ መለኪያ ጠቋሚው ምን ገጠመው የሚለው ነው። በ2017 አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የካፍ ምርጫ ማዳጋስካራዊው አህመድ አህመድ ለ29 ዓመት የነገሠውን ኢሳ ሃያቱን 34 ለ20 አሸነፈ። ለውጥ መጣ ተባለ። በ2019 የካፍ ዋና ጸሐፊ አምር ፋህሚ በአህመድ ላይ ያለውን ክስ ሰነድ አድርጎ ለኮሚቴው ላከ። በዚያው ሰሞን ከሥራው ተባረረ። ኮሚቴው አህመድን በስጦታ፣ በሥልጣን አላግባብ መጠቀምና በገንዘብ አያያዝ ጥፋት አምስት ዓመት ያገደው በኖቬምበር 2020 ነው። የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በኋላ ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አድርጎታል። ፋህሚ ውሳኔውን አላየም። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ በካንሰር ሞቷል።

ጠባቂዎቹም ራሳቸው ወንበራቸው አይጸናም። በ2016 የፊፋ ጉባኤ የነዚህን ገለልተኛ ኮሚቴዎች አባላት የመሾምና የመሻር ሥልጣን ፊፋን ለሚመራው ምክር ቤት ሰጠ። የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ዶሜኒኮ ስካላ በተቃውሞ ሥራውን ለቀቀ። በማግስቱ ዓመት ባህሬን ላይ ኤከርትና የጋርሲያ ተተኪ ኮርኔል ቦርቤሊ አልቀጠሉም፤ በመቶዎች የሚቆጠር ጉዳይ እጃችን ላይ ነበር ብለው ሄዱ። ተመርማሪው መርማሪውን የሚሾም ከሆነ እኔ ሪፖርቴ ላይ ይህን በቀይ ነው የምጽፈው።

የ2018ቱ ደንብ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ገባ። ቀድሞ ጉቦ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አልነበረውም፤ 10 ዓመት ተደረገለት። አይ.ኤስ.ኤል ስንት ዓመት እንደፈጀ አሁን ቁጠሩ። ሁለተኛው፣ በደንቡ ሥር ያለ ሰው የፊፋን ስም የሚያጠፋ ንግግር በአደባባይ እንዳይናገር የሚከለክል አንቀጽ ነው። ጠቋሚ ይህን አንብቦ አፉን ቢይዝ አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳስበው ሳቅም ንዴትም ይመጣብኛል። በ2021 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከተከሳሾች ከተወረሰው ገንዘብ እስከ 201 ሚሊዮን ዶላር ለተጎጂዎች እንዲመለስ ፈቀደ። ተጎጂዎቹ ፊፋ፣ ኮንካካፍና የደቡብ አሜሪካው ኮንሜቦል ናቸው። በሕጉ ዓይን ትክክል ነው፤ ሠራተኛ ድርጅቱን ከሰረቀ የተጎዳው ድርጅቱ ነው። ገንዘቡም በፊፋ ፋውንዴሽን በኩል ለልማት እንዲውል ነው የተባለው። ግን ደንበኛ ነኝና እጠይቃለሁ፤ የእኛስ?

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ። አንዱ ለሰዓቶቹ ነው። ሌላው ውሳኔዎቹን ዛሬ ድረ ገጹ ላይ አግኝቶ ማንበብ ስለሚቻል።

ማንበብ ለሚፈልግ ከጋርሲያ ሪፖርት ይጀምር። ሩሲያና ኳታር የ2018ና የ2022 ዓለም ዋንጫን ስላገኙበት የ2010 ምርጫ ነው። ኤከርት በ2014 ያወጣው ማጠቃለያ 42 ገጽ ነው፤ ጋርሲያ ራሱ ሥራዬን አይወክልም ብሎ ለቅቆ ወጥቷል። ሙሉው 430 ገጽ ገደማ ሲሆን ፊፋ ያወጣው በ2017፣ አንድ የጀርመን ጋዜጣ እጁ ካስገባው በኋላ ነው። ጊዜ የሌለው የሩሲያን ክፍል ብቻ ያንብብ። የምርጫ ቡድኑ የሠራባቸው ኮምፒውተሮች ኪራይ ነበሩ፣ ለባለቤቱ ተመልሰዋል፣ ባለቤቱም አስወግዷቸዋል ይላል። ኢሜይሎቹም አብረው ሄዱ። ኦዲተር ጓደኛ ካላችሁ ይህን ገጽ አታሳዩት፤ ማታ አይተኛም።