ግራፊንኦኤስ በፒክስል 8ኤ ስልክ ላይ፦ ለአማርኛ ተጠቃሚ ምን ያህል ይመቻል?

የግል መረጃቸው የሚያሳስባቸው ብዙ ሰዎች ምርጫቸው አንድሮይድ ወይም አይፎን ብቻ ይመስላቸዋል። የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪ ዳግላስ ሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት ግን ሁለቱም ዓይነት ስልኮች ማንም ሳይነካቸው ተቀምጠው እንኳ በአማካይ በየ4 ደቂቃ ተኩሉ ወደ ጉግልና ወደ አፕል መረጃ እንደሚልኩ አሳይተዋል። ከሁለቱ ውጭ ካሉት አማራጮች መካከል በእኔ ግምት ሚዛን የሚደፋው ግራፊንኦኤስ ነው።

ግራፊንኦኤስ ክፍት በሆነው የአንድሮይድ ኮድ ላይ የተገነባ፣ በነፃ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2014 ቢጀመርም የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2019 ነው። ከጉግል ለመራቅ የሚፈልግ ሰው የጉግልን ፒክስል እንዲገዛ መደረጉ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ምክንያቱ ግን ፒክስል ሌላ ሲስተም ከተጫነበት በኋላ ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲነሣ ሲስተሙን የሚያስጀምረው ፕሮግራም) እንደገና እንዲቆለፍ መፍቀዱ ነው፤ በዚህም ስልኩ በተነሣ ቁጥር ሲስተሙ በሌላ እጅ እንዳልተነካካ ያረጋግጣል። ከፒክስል 8 ወዲህ የወጡት ስልኮች ደግሞ የ7 ዓመት የደኅንነት አፕዴት ስላላቸው፣ 8ኤን የመሰለ ዋጋው የማይከብድ ስልክ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል።

አጫጫኑ ከተፈራው በላይ ቀላል ነው፤ ስልኩን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በብራውዘር ላይ የሚታዩትን መመሪያዎች በቅደም ተከተል መፈጸም ይበቃል። በስልኩ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ቅጂ መያዝ ግድ ነው። ፒክስል በኢትዮጵያ በይፋ ስለማይሸጥ ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚያስመጣ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ሊያጣራ ይገባል፦ ስልኩ ማንኛውንም ሲም መቀበሉ ቡትሎደሩ ይከፈታል ማለት አይደለም። በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን 7 ጊዜ ሲነኩ በሚከፈተው የዴቨሎፐር ምናሌ ውስጥ ቡትሎደሩን ለመክፈት የሚፈቅደው «ኦኢኤም አንሎኪንግ» የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ አልነካ ካለ፣ ስልኩ በቴሌኮም ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ስለሚችል ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን ማሳየት ለሻጩ አይከብደውም።

አማርኛን በተመለከተ ምናሌዎቹን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል፣ የግዕዝ ፊደልም ያለ ችግር ይነበባል፤ አብሮት የሚመጣው ኪቦርድ ግን አማርኛ የለውም። ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ ኪቦርድ የይለፍ ቃሉም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩም፣ የምሥጢር ወሬውም የሚያልፍበት በር ነውና። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ የጉግልን ጂቦርድ ጭኖ የኢንተርኔት ፈቃዱን መንፈግ ነው፤ በተለመደው አንድሮይድ ላይ ይህ ፈቃድ ለተጠቃሚው አይቀርብም፣ በግራፊንኦኤስ ግን መተግበሪያው ሲጫን ወዲያው ይጠየቃል። ፈቃዱ ከተነፈገ በኋላ ጂፍ (አጫጭር ተንቀሳቃሽ ምስል) መፈለግ ይቀራል እንጂ የአማርኛ ጽሕፈቱ ይቀጥላል። በአንድ ፕሮፋይል (በስልኩ ውስጥ ለብቻው በተከለለ የተጠቃሚ ክፍል) ውስጥ ያሉ የጉግል መተግበሪያዎች እርስ በርስ ሊነጋገሩ ስለሚችሉ፣ ጥብቅ መሆን የፈለገ ሰው የጉግል ፕሌይን ወደ ሌላ ፕሮፋይል ማዛወር ይኖርበታል።

የጉግል ፕሌይ ራሱ በተለመደው ስልክ ላይ ልዩ ሥልጣን ያለው የሲስተሙ አካል ሲሆን፣ እዚህ ግን እንደ ማንኛውም መተግበሪያ ፈቃድ ጠያቂ ነው፤ ካላስፈለገም አይጫንም። በተለይ የወደድኩት የአድራሻ ዝርዝርን የሚመለከተው ነው። ቴሌግራም የስልክ ቁጥሮችን ለማየት ሲጠይቅ ፈቃድ ያገኘ እንዲመስለው ተደርጎ እርስዎ የመረጧቸውን ቁጥሮች ብቻ፣ ወይም ባዶ ዝርዝር፣ ማሳየት ይቻላል፤ የአክስትዎና የሐኪምዎ ቁጥር ያለ እነርሱ ፈቃድ ወደ ሌላ አገር ሰርቨር አይሄድም። በግዳጅ ስልኩን ክፈት ለሚባል ሰውም ሲገባ ሁሉንም የሚያጠፋ ሁለተኛ ፒን አለ፤ በስሕተት ቢነካ ግን መመለሻ የለውም።

ጉድለቱ የሚጎላው በገንዘብ ጉዳይ ላይ ነው። ስልክን አስጠግቶ መክፈል በጉግል ዋሌት አይሠራም፤ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎችም በጉግል ያልጸደቀ ሲስተም ነው በማለት አልከፈትም ይላሉ። ስለዚህ አሮጌውን ስልክ ከመሸጥ በፊት የባንክዎን መተግበሪያ በአዲሱ ላይ ከፍቶ ማየት ያሻል። ካሜራውም ከፒክስል የራሱ ካሜራ ያነሰ ቢሆንም ያንኛውን ጭኖ መጠቀም ይቻላል።

ፒክስል የሌለው ሰው ላይኔጅኦኤስን፣ ማለትም በአንድሮይድ ኮድ ላይ የተገነባ ሌላ ነፃ ሲስተምን፣ ሊያስብ ይችላል፤ የሚቀበላቸው ስልኮች እጅግ ብዙ ናቸው፣ ሆኖም በአብዛኞቹ ላይ ቡትሎደሩ ክፍት ሆኖ ስለሚቀር ስልኩ ከጠፋ ጥበቃው የላላ ነው።

ሲስተሙ ከመተግበሪያዎች ይከልላል እንጂ ከቴሌኮም ኩባንያው አይከልልም። ሲሙ በስም የተመዘገበ እስከሆነ ድረስ የት እንዳሉ በአንቴናው በኩል ይታወቃል፣ መደበኛ ጥሪና አጭር መልእክትም እንደ ቀድሞው ነው። ይህን ያህል ጥበቃ የሚበቃው፣ ፒክስል በእጁ ያለና ባንኩ የማይከለክለው ሰው ያለ ማመንታት ይጫነው፤ ለዚህ ብሎ ደኅና ስልክ ሸጦ ፒክስል መግዛትን ግን ለሁሉም ሰው አልመክርም።