በክብደት የሚሄደው ማሽን ወይስ የባትሪው?

ጅማ ላይ የዋንዛ ጣውላም ጎበዝ አናጢም አይጠፋም። ቁመተ ረጅሙን የቤት ሰዓት በራስ እጅ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ዋናው ጥያቄ ማሽኑ ነው።

የባትሪው፣ ማለትም ኳርትዙ፣ ቀላል ነው። ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ይበቃዋል። ሰዓቱን የሚጠብቀው በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገብ ክሪስታል ነው። ፔንዱለሙ፣ ማለትም ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ዘንግ፣ ጌጥ ብቻ ነው።

በተንጠለጠለ ክብደት የሚሄደው ላይ ግን ፔንዱለሙ ራሱ ነው ሰዓቱን የሚመራው። በየሰከንዱ አንዴ «ቷ» እንዲል ርዝመቱ 99 ሳንቲሜትር ገደማ መሆን አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ማሽኑን ግዙ፤ ጣውላው ከዚያ ይቆረጣል። ዘንጉ ብረት ከሆነ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ይለጠጥና ሰዓቱ በቀን 5 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። ያኔ ከሥሩ ያለችውን ብሎን ትንሽ ማዞር ነው። ጣውላው ደግሞ በደንብ ይድረቅ። በጅማ ክረምት እርጥበት የተጣመመ ሳጥን ፔንዱለሙን ሊያቆመው ይችላል።

እኔ የክብደቱን እመርጣለሁ። በየሳምንቱ ክብደቶቹን ወደ ላይ መሳብ፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ድምፁን መስማት ደስ ይላል። ቤት ተከራይታችሁ ቶሎ ቶሎ የምትቀይሩ ከሆነ ግን የባትሪውን ውሰዱ። ያኛው በተዛወረ ቁጥር እንደገና በውሃ ልክ መስተካከል አለበት።