የሽንኩርት ዘር መንከሪያ፦ ዱቄቱ ይሻላል ወይስ ንጹህ ውሃ?

ፖታሽየም ናይትሬት ነጭ፣ ውሃ ውስጥ ቶሎ የሚሟሟ የማዳበሪያ ዱቄት ነው። ከረጢቱ ላይ 13-0-46 ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሮቹ በተራ የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሽ መጠን ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚገዛው በጠብታ መስኖ ለሚያለማ ሰው ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የገዛሁት ዘር ልነክርበት ነው። መቂ አካባቢ የቀይ ሽንኩርት ችግኝ እያፈላሁ እሸጣለሁ። ስለዚህ የኔ ገበያ የሚወሰነው ችግኙ በሚፈላበት መደብ ላይ ነው።

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። ዘርን ነክሮ፣ መልሶ አድርቆ መዝራት እጅግ ይጠቅማል። ዱቄቱ ግን የግድ አይደለም። ከጥቅሙ አብዛኛው የሚገኘው ከንጹህ ውሃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘር መጀመሪያ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ከዚያ ከውጭ ምንም ሳይታይ ውስጡ ሥራ ይጀምራል። ሥር ብቅ የሚለው ከዚህ በኋላ ነው። ዘዴው ሥሩ ሳይወጣ ውሃውን መቀማት ነው። ዘሩ ይደርቃል፣ የጀመረው ሥራ ግን አይጠፋም። መደብ ላይ ሲያርፍ ካቆመበት ይቀጥላል። ሥሩ ከወጣ በኋላ ማድረቅ ግን መግደል ነው።

ዱቄቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የተሟሟበት ውሃ ወደ ዘሩ ቀስ ብሎ ስለሚገባ ሥሩ አይቸኩልም፤ ሰዓት ቢያልፍብህ ጊዜ ይሰጥሃል። እ.ኤ.አ. በ1973 እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ላይ የዘር ተመራማሪው ሃይዴከርና ባልደረቦቹ ፖሊ ኢታይሊን ግላይኮል በሚባል ነገር ይህንኑ አሳይተው ነበር። እሱ ወፍራም ፈሳሽ ስለሚሆን አየር እየነፉ ነው የሚሠሩበት። ለኛ ቤት አይሆንም።

የነከርኩት ቦምቤ ሬድ የሚባለውን የቀይ ሽንኩርት ዝርያ ነው። ዘሩን ሦስት ቦታ ከፍዬ አንዱን ደረቁን ተውኩት፣ አንዱን በንጹህ ውሃ፣ አንዱን ለአንድ ሊትር 10 ግራም ዱቄት በተሟሟበት ውሃ ነከርኩ። የውሃውን ማታ ነክሬ ጠዋት አወጣሁት። የዱቄቱን እስከ ማታ አቆየሁትና በንጹህ ውሃ አለቀለቅሁት። በየመሃሉ ማማሰል ያስፈልጋል፤ ዘር ይተነፍሳል፣ ተከምሮ ከተኛ ይታፈናል። ከዚያ ሰፌድ ላይ በስሱ አሰጣሁት፣ ጥላ ውስጥ። ፀሐይ ላይ ፈጽሞ አይሰጣም። ደረቀ የሚባለው ሚዛን ላይ ሲወጣ ከመነከሩ በፊት ወደነበረው ክብደት ሲመለስ ነው።

ልዩነቱ ያስደሰተኝ መደቡ ላይ ነው። የሽንኩርት ቡቃያ ሲወጣ ጎብጦ፣ ወገቡን አስቀድሞ ነው አፈሩን የሚሰነጥቀው። ቀና ሲል ጥቁሩን የዘር ልጣጭ ጫፉ ላይ ተሸክሞ ይነሳል። የተነከረው መደብ ላይ ይሄ ከዳር እስከ ዳር አንድ ላይ ሆነ። ደረቁ ግን እዚህ ቀና ያለ፣ እዚያ ገና ያልወጣ፣ ዝብርቅርቅ ነበር፤ በቀናትም ዘገየ። በውሃውና በዱቄቱ መካከል ግን ዓይኔ የለየው ነገር የለም።

አብሮ መውጣት ለምን ያን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ ችግኝ ያፈላ ሰው ያውቀዋል። መደቡን በሣር እንሸፍናለን። ዘሩ እኩል ካልወጣ ሣሩን መቼ ታነሳዋለህ? ቶሎ ብታነሳ ያልወጣው በፀሐይ ይደርቃል። ብትቆይ ቀድሞ የወጣው ብርሃን አጥቶ ይገረጣል፣ ይቀጥናል። ያ ቀጭን ችግኝ መጀመሪያ የሚወድቀው አጠውልግ በሚባለው የችግኝ በሽታ ነው። ጥፋቱ በዚህ አያበቃም። ማዛወሪያው ሲደርስ ግማሹ ለተከላ ደርሶ ግማሹ ገና ይሆናል። ገዢው የቀን ሠራተኛ ሁለቴ መቅጠር አለበት፤ ያለዚያ ትንሹንም ትልቁንም ደባልቆ ይተክላል። ደባልቆ የተከለ ሰው ደግሞ ምርቱን ሲያነሳ ኮረቱ፣ ማለት የሽንኩርቱ ራስ፣ ትልቅና ትንሽ ይሆንበታል። ነጋዴው ትንሹን በግማሽ ዋጋ ነው የሚጠይቀው።

ዘንድሮ አንድ የቆየ ደንበኛዬ መደቡን ዞሮ አይቶ «እንዴ እታለም፣ ይሄ በመቀስ የተከረከመ ነው እንዴ?» አለኝ። አንድም አልመረጠም፤ ሁሉንም ወሰደው። ምርቱ በዚህ ብቻ ያድጋል ብዬ ለማንም አልነግርም። ውሃው፣ ማዳበሪያው፣ ትሪፕስ የሚባለው ተባይም አለ። ግን ማሳው እኩል ከተነሳ የቀረው ሥራ ሁሉ ይቀላል።

አሁን ወደማይሆንለት ልምጣ። መንከር የሞተ ዘር አያስነሳም። የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው፤ እንደ ስምጥ ሸለቆ ባለ ሙቀት ዓመት ካለፈው ጉልበቱ በጣም ይወርዳል። መጀመሪያ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ አብቅሉ። ግማሹ ካልበቀለ ለመንከር አትድከሙ፣ ሌላ ዘር ግዙ። በቆርቆሮ ታሽጎ ከውጭ የሚመጣውን ዲቃላ ዘርም አትንከሩ። ቀለም ካለው በፀረ ፈንገስ ታሽቷል፤ መድኃኒቱ ታጥቦ ይሄዳል፣ እጃችሁንም ይነካል።

የዱቄቱን አገዛዝ በተመለከተ ቅሬታ አለኝ። የሸጠልኝ ሱቅ ከትልቁ ከረጢት ቀድቶ፣ ምንም ሳይጻፍበት በፌስታል ነው የሰጠኝ። ነጭ ነው፣ ቤት ውስጥ ጨው መስሎ ይቀመጣል። በዚያ ላይ እሳት የሚያባብስ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ስሙ ሳይጻፍበት ከሱቅ መውጣት የለበትም። የምትገዙ ካላችሁ ስሙን አስጽፉ፣ ከምድጃና ከልጆች አርቁ።

ቀድሞ ለማዳበሪያ የገዛችሁት ካለ ከዚያው ቆንጥሩ፣ ይጠቅማል። ለመንከር ብቻ ብላችሁ ግን ገንዘብ አታውጡ። ንጹህ ውሃ፣ ሰፌድና ጥላ ይበቃል። ነክራችሁ ያደረቃችሁትን ዘር ደግሞ ለከርሞ አታስቀምጡ፤ ካልተነከረው ዘር ቶሎ ይደክማል። መደቡ ተዘጋጅቶ፣ ውሃው ቀርቦ ነው የሚነከረው።